ካባው ሲዘጋ መሬቱ እንዲያገግም፦ የላይ አፈር አያያዝና የአፈር ተስማሚነት

በሐዋሳ ከተማ የአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማን ጨምሮ በየአቅጣጫው የሚታየው ግንባታ ከመሬት በሚወጣ ሀብት ላይ የቆመ ነው። ለብሎኬት የሚሆነው ፑሚስ፣ ለመንገድ የሚነጠፈው ገረጋንቲ፣ ለመሠረት የሚውለው ድንጋይ፣ ለልስንና ለኮንክሪት የሚፈለገው አሸዋ ሁሉም ከአንድ ቦታ ተቆፍረው የሚመጡ ናቸው። ቁፋሮው የሚካሄድበት ቦታ ደግሞ በአመዛኙ ቀደም ሲል የእርሻ፣ የግጦሽ ወይም የቁጥቋጦ መሬት የነበረ ነው። ማዕድኑ ተሟጦ ማሽኖቹ ሲወጡ ለአካባቢው የሚቀረው ምንድን ነው? ገደልና ኩሬ ነው ወይስ ዳግም የሚታረስ መሬት? የዚህ ጥያቄ መልስ በአብዛኛው የሚወሰነው ካባው ሲዘጋ ሳይሆን በሥራው የመጀመሪያ ቀን፣ የላይኛው አፈር በሚነሣበት ሰዓት ነው።

ይህ ጽሑፍ መሬታቸው ለካባ ሥራ የሚውልባቸው አርሶ አደሮችና በግንባታ አካባቢ የሚኖሩ የከተማ ነዋሪዎች ሊያውቋቸው የሚገቡ መሠረታዊ ጉዳዮችን ያብራራል። የላይ አፈር እንዴት እንደሚነሣ፣ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ለምን አገልግሎት ተስማሚ እንደሆነ በምን እንደሚለይ፣ ተመልሶ ሲነጠፍም ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያስፈልገው በቅደም ተከተል ቀርቧል።

የላይ አፈር ሲባል ምን ማለት ነው?

የላይ አፈር የሚባለው ከመሬት ገጽ ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ ከሥሩ ካለው አፈር ይልቅ ጠቆር ያለ ንብርብር ነው። ጥቁረቱ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሥርና ፍግ በውስጡ መኖሩን ያመለክታል። የትል፣ የነፍሳት፣ የባክቴሪያና የፈንገስ ሕይወት በብዛት የሚገኘው በዚሁ ንብርብር ነው። የሣርና የቁጥቋጦ ዘርም በውስጡ ተኝቶ ዝናብ ይጠብቃል። ከእርሱ በታች ያለው ንዑስ አፈር ለምነቱ አነስተኛ ቢሆንም ውኃ በመያዝና ሥር በማስተናገድ ያገለግላል። ከዚያ በታች የሚገኘው ፍርክስካሽ ድንጋይና አመድ ግን ለሰብል ብቻውን አይበጅም።

ተፈጥሮ አንድ ሴንቲ ሜትር አፈር ለመሥራት እንደ ድንጋዩ ዓይነትና እንደ አየር ንብረቱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ሊፈጅባት ይችላል። አንድ ዶዘር ግን የአንድ ሄክታር የላይ አፈርን በጥቂት ቀናት ውስጥ ከገረጋንቲ ጋር ደባልቆ ሊቀብረው ይችላል። የተደባለቀውን አፈር መልሶ መለየት ደግሞ የማይቻል ያህል አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ በመልሶ ማልማት ሥራ የላይ አፈር እንደ ቆሻሻ ሳይሆን እንደ አደራ ንብረት ይቆጠራል።

የሐዋሳ አካባቢ አፈር ልዩ ጠባይ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በታላቁ የስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ ከተማ ናት። አካባቢው በጥንት የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተሠራ በመሆኑ አመድ፣ ፑሚስና የሐይቅ ደለል በየቦታው ተነባብረው ይገኛሉ። ይህ ሁኔታ ለግንባታ ግብዓት የተመቸ ቢሆንም ለመልሶ ማልማት ሦስት ፈተናዎችን ይዞ ይመጣል።

የመጀመሪያው ፈተና የአፈሩ ቅለት ነው። ከፑሚስና ከአመድ የተገኘ አፈር ቀላልና ልል በመሆኑ በጎርፍም ሆነ በነፋስ በቀላሉ ይጠረጋል። ሁለተኛው የፎስፈረስ ጉዳይ ነው። ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠሩ አፈሮች ፎስፈረስን አጥብቀው ስለሚይዙ ሰብሉ ከተጨመረለት ማዳበሪያ የሚያገኘው ድርሻ ያንሳል። ሦስተኛው ጨዋማነትና የሶዲየም ብዛት ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ዝቅተኛ ሥፍራዎች በጥልቀት የሚወጣ አፈር ላይ ላዩ ላይ ያልታየ ጨው ሊኖረው ይችላል። ከጉድጓዱ ሥር የወጣ ነጣ ያለ አፈር ስላማረ ብቻ ለእርሻ ይሆናል ብሎ መገመት የማያዋጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባ ጉዳይ ሐይቁ ነው። 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የሐዋሳ ሐይቅ በወንዝ መልክ የሚወጣ ውኃ የለውም። የሚገባው ደለል እዚያው ይቀራል። በጥቁር ውኃ ወንዝ መስመር የሚገኘው ጨለለቃ ቀድሞ ሐይቅ የነበረ ሲሆን ዛሬ ረግረግ ሆኗል። ለዚህ ለውጥ ከተፋሰሱ የሚታጠበው አፈር ድርሻ አለው። ያልተሸፈነ የካባ አፈር ክምር በክረምት ሲታጠብ የሚጎዳው የካባውን ባለቤት ብቻ ሳይሆን ከታች ያለውን አርሶ አደር፣ ዓሣ አስጋሪውንና የከተማውን ነዋሪ ጭምር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ተጽዕኗቸው እንዲጠና ይደነግጋል። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678 ደግሞ ባለፈቃዱ የአካባቢ ጥበቃ ግዴታ እንዳለበትና ለመልሶ ማቋቋም የሚውል ገንዘብ መመደብ እንዳለበት አስቀምጧል። ለአገር ውስጥ ባለሀብቶች የሚሰጠው የኮንስትራክሽን ማዕድናት ፈቃድ በክልል ደረጃ የሚሰጥ በመሆኑ ጥያቄና አቤቱታ ያለው ነዋሪ በቅድሚያ የሚያነጋግረው የአካባቢውን የማዕድንና የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ነው።

የመሬቱን የወደፊት አገልግሎት በተመለከተም በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 በ2016 ዓ.ም. እስኪተካ ድረስ አስቀምጦት የነበረው መለኪያ ጠቃሚ ነው። በዚያ አዋጅ መሠረት ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም ነበር፤ ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ብቻ ይውል ነበር። ከ31 እስከ 60 በመቶ የሆነው ዓመታዊ ሰብል ሊዘራበት ይችል የነበረው የጠረጴዛ እርከን ሲሠራለት ብቻ ነበር። የካባ ግድግዳ በምን ያህል ተዳፋት ተስተካክሎ መረከብ እንዳለበት ለመነጋገር ይህ መለኪያ እንደ መነሻ ያገለግላል።

በሌሎች አገሮችም ተመሳሳይ አሠራር አለ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1977 ያወጣችው የገጸ ምድር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሕግ የላይ አፈር ተለይቶ እንዲነሣ፣ ወዲያው ካልተነጠፈም ተለይቶ እንዲከመርና በዕፅዋት ሽፋን እንዲጠበቅ ያስገድዳል።

የላይ አፈር አነሣሥ

ሥራው የሚጀምረው በመለካት ነው። ማሽን ከመግባቱ በፊት በመሬቱ ላይ በተለያዩ ቦታዎች ትናንሽ ጉድጓዶች ተቆፍረው የጥቁሩ ንብርብር ጥልቀት በሜትር ይለካል፤ ውጤቱም ይመዘገባል። ጥልቀቱ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በአንድ ጉድጓድ መወሰን አይገባም።

መጠኑን ማስላት ከባድ አይደለም። የአንድ ሄክታር መሬት ስፋት 10,000 ካሬ ሜትር ነው። የላይ አፈሩ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 2,000 ሜትር ኩብ አፈር አለ ማለት ነው። ተቆፍሮ ሲላላ በአምስት አንድ ያህል ስለሚጨምር ወደ 2,400 ሜትር ኩብ ይደርሳል። ይህም 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ገልባጭ መኪና 150 ምልልስ ነው። ይህንን ቁጥር አስቀድሞ የሚያውቅ አርሶ አደር ካባው በሚዘጋበት ጊዜ በዳር የተቀመጠው ጥቂት ክምር የእርሱ መሬት አፈር ሙሉ በሙሉ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ይችላል።

ቀጥሎ ዛፍና ቁጥቋጦ ይነሣል። ሣርና ትናንሽ ሥሮች ግን ከአፈሩ ጋር ቢቀሩ ይጠቅማሉ። ከዚያም የላይ አፈሩ ብቻ ይቀረፋል። እርሱ ተነሥቶ ካለቀ በኋላ ንዑስ አፈሩ ለብቻው ይነሣና በሌላ ቦታ ይከመራል። ሁለቱን በአንድ ግፊት ማንሣት ሥራውን ያፋጠነ ቢመስልም ለሙን አፈር በመካኑ ማቅጠን ነው።

ወቅቱም ወሳኝ ነው። በሐዋሳ አካባቢ በልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ክረምቱ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረምና ከዚያም በላይ ይዘልቃል። እርጥብ አፈር በከባድ ማሽን ሲነካ ይጠቀጠቃል፤ ሲደርቅም እንደ ጡብ ይጠነክራል። ስለዚህ አፈር የሚነሣበት የተሻለው ጊዜ ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ወቅት ሲሆን፣ አቧራ ሆኖ እንዳይበን ጥቂት እርጥበት ሲኖረው ይመረጣል። አፈሩ በእጅ ተጨብጦ ሲለቀቅ የሚፈረፈር ከሆነ ለሥራ ደርሷል። እንደ ሊጥ ተጣብቆ ከቀረ ግን መጠበቅ ይገባል።

አከማመርና ጥበቃ

ከሁሉም የሚሻለው ዘዴ አፈሩን ጨርሶ አለመከመር ነው። ካባው በክፍል በክፍል የሚሠራ ከሆነ ከአዲሱ ክፍል የተነሣው የላይ አፈር በቀጥታ ተወስዶ ማዕድኑ ባለቀበት ክፍል ላይ ይነጠፋል። በዚህ መንገድ በአፈሩ ውስጥ ያለው ዘርና ሕይወት አይሞትም፤ አፈሩም የሚጓጓዘው አንድ ጊዜ ብቻ በመሆኑ ወጪው ይቀንሳል።

መከመር ግድ ሲሆን የክምሩ ከፍታ ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ከፍ ያለ ክምር ውስጡ አየር አጥቶ ይታፈናል፤ ጠቃሚ ፈንገሶችና ትሎች ይሞታሉ፤ ዘሩም ይበሰብሳል። ቆይታው በረዘመ ቁጥር ጉዳቱ ይጨምራል። 2 ሜትር ከፍታ ያለው የአንድ ሄክታር አፈር ክምር ከ1,200 ካሬ ሜትር በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቦታው በዕቅዱ ላይ አስቀድሞ መመልከት አለበት።

ክምሩ ከጎርፍ መውረጃና ከመኪና መንገድ ርቆ፣ ከላዩ ጎርፍ የሚያስቀይስ ቦይ ተቆፍሮለት፣ ከሥሩ ደለል የሚይዝ ክትር ተሠርቶለት ይቀመጣል። ከአንድ ወቅት በላይ የሚቆይ ከሆነ ወዲያው ሣር ወይም የአተር ዘር የሆኑ መኖዎች ይዘሩበታል። ደሾና ቬቲቨር ሣር በዳርና ዳር ቢተከሉ አፈሩን አጥብቀው ይይዛሉ። በክምሩ ላይ መኪና መንዳት፣ ከብት ማሰማራትና ቆሻሻ መድፋት የተከለከለ መሆን አለበት። ምልክት ያልተደረገበት የላይ አፈር በቀላሉ ለአትክልት ቦታ መሙያ ተጭኖ ይወሰዳል። አንዴ ከሄደም ተመልሶ አይመጣም።

የአፈር ተስማሚነት እንዴት ይለያል?

የተቀመጠው አፈር ሁሉ ለሁሉም አገልግሎት አይስማማም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው የመሬት ግምገማ ማዕቀፍ መሬት ለአንድ የተወሰነ አገልግሎት በጣም ተስማሚ፣ በመካከለኛ ደረጃ ተስማሚ፣ በጥቂቱ ተስማሚ እና የማይስማማ ተብሎ ይመደባል። ቁልፉ «ለምን አገልግሎት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለበቆሎ የማይሆን አፈር ለግራር ሊበቃ ይችላል።

በላቦራቶሪ ከሚታዩት መለኪያዎች ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

የአሲድነት ልክ፦ ለአብዛኛው ሰብል ፒኤቹ ከ5.5 እስከ 8 ባለው መካከል ቢሆን ይመቻል።

ጨዋማነት፦ በሜትር ከ4 ዴሲ ሲመንስ በላይ የሆነ አፈር ጨዋማ ይባላል፤ ብዙ ሰብሎችም ይጎዱበታል።

ሶዲየም፦ አፈሩ ከያዛቸው ተለዋዋጭ ንጥረ ነገሮች ውስጥ ሶዲየም ከ15 በመቶ በላይ ከሆነ አፈሩ በውኃ ይሟሟል፤ ሲደርቅም ገጹ ይጋገራል።

የጠጠር መጠን፦ ከአፈሩ ከሲሶ በላይ ጠጠርና ድንጋይ ከሆነ ለእርሻ አስቸጋሪ ይሆናል።

ጥቅጥቅነት፦ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ ከ1.6 ግራም በላይ የሚመዝን የተጠቀጠቀ አፈር ሥር እንደልብ አያሳልፍም።

ከላቦራቶሪ በፊት አርሶ አደሩ ራሱ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ቀላል ሙከራዎችም አሉ። በመጀመሪያ፣ ጥቂት አፈር በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከውኃ ጋር ተመትቶ ሲቀመጥ አሸዋው በቅድሚያ፣ ደለሉ ቀጥሎ፣ ሸክላው በመጨረሻ ይዘቅጣል፤ የንብርብሮቹ ውፍረትም የአፈሩን ዓይነት ያሳያል። ሁለተኛ፣ የደረቀ ጓል በዝናብ ውኃ ውስጥ ቀስ ተብሎ ሲጨመር ውኃው ሳይነቃነቅ ደፍርሶ ወተት ከመሰለ የሶዲየም ችግር መኖሩን ያመለክታል። ሦስተኛ፣ በአንዱ ጣሳ ከክምሩ አፈር፣ በሌላው ጣሳ ከታወቀ ለም ማሳ አፈር ተሞልቶ ቦሎቄ ወይም ገብስ ይዘራል። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሚታየው የቡቃያ ልዩነት ብዙ ይናገራል። አጠራጣሪ ነገር ሲኖር ናሙና ወደ አፈር ላቦራቶሪ መላክ ይገባል፤ የቀበሌው የግብርና ባለሙያም የናሙና አወሳሰዱን ያሳያል።

የወርቅና ሌሎች የብረት ማዕድናት ቦታዎች ከዚህ የተለየ ጥንቃቄ ይሻሉ። እንደ ሲያናይድ ያሉ ኬሚካሎችና ከድንጋዩ የሚለቀቁ ከባድ ብረቶች ሊኖሩ ስለሚችሉ በጣሳ ሙከራ ብቻ መተማመን አይቻልም። በጉጂ በሚገኘው የለገደንቢ ወርቅ ማውጫ ላይ ከአካባቢው ሕዝብ የተነሣው የጤናና የብክለት አቤቱታ በ2010 ዓ.ም. የማዕድን ፈቃዱ እስከ መታገድ መድረሱ የጉዳዩን ክብደት ያሳያል። በሐዋሳ ዙሪያ ያለው የገረጋንቲና የፑሚስ ካባ ግን በአመዛኙ የኬሚካል ሳይሆን የአፈር ማጣት ችግር ነው።

አፈሩን መልሶ ማንጠፍ

በቅድሚያ የጉድጓዱ ቅርጽ ይስተካከላል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ተንዶ ሰውና ከብት እንዳይጎዳ ወደ ውስጥ ተዳፋት ሆኖ ይቆረጣል። ሣር ለሚለብስ ቦታ በየ3 ሜትር ርቀቱ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ቁልቁለት ቢኖረው ይመረጣል። የዝናብ ውኃ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ በዚህ ደረጃ መወሰን አለበት፤ የታቆረ ውኃ የወባ ትንኝ መራቢያና ለሕፃናት አደገኛ ሥፍራ ይሆናል።

ከዚያ በማሽን የተጠቀጠቀው የጉድጓዱ ወለል እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በብረት ጥርስ ይሰነጠቃል። ስንጠቃው የመሬቱን አግድመት ተከትሎ፣ ወለሉ ደረቅ በሆነበት ጊዜ ይከናወናል። ይህ ደረጃ ከታለፈ በላዩ ላይ የሚነጠፈው አፈር የቱንም ያህል ቢያምር ውኃው ከሥሩ ታቁሮ ተክሉን ያደርቀዋል፣ ወይም በክረምት አፈሩን ይዞ ይንሸራተታል።

በተሰነጠቀው ወለል ላይ ንዑስ አፈሩ፣ በንዑስ አፈሩ ላይ የላይ አፈሩ ይነጠፋል። በቆሎን ለመሰለ ሥሩ ጠልቆ ለሚሄድ ሰብል የሁለቱ ድምር ወደ 1 ሜትር ቢጠጋ መልካም ነው። ለሣርና ለመኖ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የላይ አፈር ሊበቃ ይችላል። አፈሩ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ በጠቅላላው ቦታ ላይ እንደ አቧራ ከማልበስ ለእርሻ የተመረጠውን ክፍል በቂ አድርጎ አልብሶ ቀሪውን ለዛፍ መተው ይሻላል። የተነጠፈው አፈር ላይ ማሽን ደጋግሞ መመላለስ የለበትም። ሥራው በልግ ሊገባ ሲል ተጠናቆ ዘሩ ከመጀመሪያው ዝናብ ጋር ቢገናኝ አፈሩ ሳይታጠብ ይሸፈናል።

የላይ አፈር የጠፋባቸው አሮጌ ካባዎች

ቀደም ሲል ተቆፍረው የተተዉ ብዙ ቦታዎች የላይ አፈራቸው የለም። በእነዚህ ቦታዎች ኮምፖስት፣ ፍግ፣ የቡና ገለባና በከተማው በብዛት የሚጣለው የጫት ገረባ ተብላልተው ሊጠቅሙ ይችላሉ። ይሁን እንጂ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአንድ ሄክታር አፈር 2,400 ቶን ያህል ይመዝናል። 20 ቶን ኮምፖስት ቢጨመርበት የሚደርሰው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ስለዚህ የጠፋን የላይ አፈር በአንድ ዓመት ኮምፖስት መተካት አይቻልም፤ የዓመታት ተደጋጋሚ ሥራ ይጠይቃል።

በከተማ ውስጥ ደግሞ ለሕንፃ መሠረትና ለመንገድ ሲቆፈር የሚነሣው ለም አፈር ከፍርስራሽ ጋር ተደባልቆ ይጣላል። ይህ አፈር ተለይቶ ቢነሣና ከሲሚንቶ፣ ከፕላስቲክና ከዘይት ንጹሕ መሆኑ ቢረጋገጥ ለአሮጌ ካባዎች ማልበሻ ሊሆን ይችላል። አዲስ ከተማን በመሳሰሉ ግንባታ በሚካሄድባቸው ክፍለ ከተሞች ያለ ነዋሪ ለመልሶ ማልማት ከሚያደርጋቸው አስተዋጽኦዎች አንዱ ይኸው ነው።

ከጎረቤት አገር የሚወሰድ ትምህርትም አለ። በኬንያ ሞምባሳ አቅራቢያ በባምቡሪ የሲሚንቶ ፋብሪካው የኖራ ድንጋይ ካባ አፈር አልባ ሆኖ ከቀረ በኋላ ሬኔ ሃለር የተባሉ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1971 የማልማት ሥራ ጀመሩ። ከሞከሯቸው ዛፎች አብዛኞቹ ሲደርቁ ሸውሸዌ ጸንቶ በቀለ። ዛፉ በሥሩ ከሚኖሩ ረቂቅ ሕዋሳት ጋር ሆኖ ናይትሮጅን ከአየር ይወስዳል። የሚረግፈው ቅጠሉ ግን ሳይበሰብስ በመቅረቱ ቅጠሉን የሚበሉ ሚሊፒድ የተባሉ ባለ ብዙ እግር ነፍሳት እንዲገቡ ተደረገ፤ ከእነርሱም ቀስ በቀስ ጥቁር አፈር ተገኘ። ቦታው ዛሬ በሃለር ስም የሚጠራ የዱር እንስሳት ፓርክ ነው። ትምህርቱ ሁለት ገጽታ አለው፦ አፈር አልባ መሬትም ሊድን ይችላል፤ ድኅነቱ ግን አፈሩ ተጠብቆ ቢቆይ ኖሮ ከሚጠይቀው ይልቅ እጅግ ረጅም ጊዜ ይወስዳል።

ምን ይተከል?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓላማው ምርት ሳይሆን መሬቱን መሸፈንና አፈሩን ማበልጸግ ነው። ደሾ ሣር፣ ዝሆኔ ሣር፣ የርግብ አተርና ሰስባንያ ለመኖም ለአፈርም ይጠቅማሉ። በተዳፋቱ ላይ ግራር፣ ብሳናና ዋንዛን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎች ይመከራሉ። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ቢያድግም ከሥሩ ሣር ስለማያበቅል ልል የሆነውን አፈር ከጎርፍ አይታደግም። እንሰት፣ ቡናና አቮካዶ መከተል ያለባቸው የላይ አፈሩ ጥልቀት በቂ በሆነበትና ፍግ በተደጋጋሚ በገባበት ቦታ ብቻ ነው። ልቅ ግጦሽ ቢያንስ ለሁለት ክረምት መከልከል ይኖርበታል።

ከውል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መሬቱ ለካባ የሚውልበት አርሶ አደርም ሆነ በማኅበር ተደራጅተው ካባ የሚሠሩ ወጣቶች ከሥራው በፊት በጽሑፍ ሊያሰፍሯቸው የሚገቡ ነጥቦች አሉ። የላይ አፈሩ ጥልቀትና መጠን ስንት ነው? የት ይከመራል? ከቦታው ውጭ እንዳይሸጥ ማን ይቆጣጠራል? ቁፋሮው በክፍል በክፍል ይካሄዳል ወይስ በአንድ ጊዜ? የመልሶ ማልማቱ ገንዘብ የት ተቀምጧል? የመጨረሻው ተዳፋት ስንት ይሆናል? መሬቱ ለእርሻ፣ ለመኖ ወይስ ለደን ነው የሚመለሰው? ርክክቡ አፈሩ በተነጠፈ ማግሥት ከሚሆን ሁለት ክረምት አልፎ ሽፋኑ መጽናቱና ቦረቦር አለመፈጠሩ ከታየ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ካሳ የሚከፈለው በውሱን ጊዜ ነው፤ መሬቱ ግን ለልጅ ልጅ የሚተላለፍ ነው። ከማሽኑ መግባት በፊት የተለካ፣ የተመዘገበና በፎቶግራፍ የተደገፈ የላይ አፈር በኋላ የሚነሣን ክርክር በማስረጃ ለመፍታት ያስችላል። መዝገቡ አንድ ቅጂ በአርሶ አደሩ፣ አንድ ቅጂ በቀበሌው፣ አንድ ቅጂ በፈቃድ ሰጪው ጽሕፈት ቤት እንዲቀመጥ ማድረግ ወጪ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።